በጉድጓዱ ላይ የተዘረጋው አልጋ

ገላነህ የሚባል ቤት የሚያከራይ ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«የኔታ፣ የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑ ይወሰን፣ ወረዳ ቀርቦም ይመዝገብ ተብሎ ታዝዟል። የእኔ ተከራይ ልብስ ሰፊዋ ማስተዋል ናት። ልጆቿን በግቢዬ ያሳደገች፣ እህቴ ማለት ናት። ‹እስካለሽ ድረስ ከዚህ ቤት አትነሺም› ብያታለሁ። አሁን እንደ ባዕድ ‹ነይ ፈርሚ› ብላት ቃሌን ማርከስ አይሆንብኝምን? በክርስቲያኖች መካከልስ ቃል አይበቃምን?»

መምህሩ መቋሚያቸውን ከግንቡ አስደግፈው ተቀመጡ። እንዲህም አሉት፦

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ በአገሩ ሁሉ ቃሉን በመጠበቅ የታወቀ። በግቢው ውስጥ ከመኖሪያው ሌላ ፀሐይ የሚገባባት አንዲት ትንሽ ቤት ነበረችው። ይህችን ቤት ሊከራይ አንድ ሸማኔ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ።

ሸማኔ እንደ ሌላው ተከራይ ዕቃውን አስገብቶ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። ወለሉን ይቆፍራል፤ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ ይሠራል። ጉድጓዱ የተደፈነበት ሸማኔ እጁ እንደ ተቆረጠ ነው። ስለዚህ ሰውየው ዶማውን ከማንሣቱ በፊት ባለጸጋውን እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ወለልዎን ልቆፍር ነው። መቆፈሬን እንደ ፈቀዱልኝ፣ እስከ መቼ እንደምቀመጥ፣ ልነሣ ቢያስፈልግም አስቀድሞ እንዲነገረኝ፣ በእማኝ ፊት ቢጻፍልኝ» አለው።

ባለጸጋው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቁጣ ነበረበት። «አንተ ሰው፣ ልትከራየኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትቀብረኝ?»

«ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጌታዬ። ቃልዎን ጠርጥሬ አይደለም፤ ነገን ፈርቼ ነው።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አለ ባለጸጋው። «ይልቅ ቆፍር። በሕይወት እስካለህ የሚያስነሣህ የለም። በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ሊያደርግ ይገባል?»

ሸማኔው አፈረ፤ ከዚያ በላይ መለመን መሳደብ መሰለው። ሚስቱ ግን ወደ ቤት ሲገቡ፣ «ልጁን ከሚያስይዝልህ ጣቱን ቀለም ቢያስነካልህ ይሻል ነበር» አለችው።

ዓመታት አለፉ፤ ባለጸጋውም ቃሉን ጠበቀ። ማለዳ ማለዳ የመወርወሪያውን ድምፅ ከመኖሪያው ሆኖ ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። ልጆቹ በሌላ ከተማ ይኖሩ ስለ ነበር ለሸማኔው የሰጠውን ቃል አላወቁም። እርሱም አልነገራቸውም፤ የሚነግርበት ቀን የሚያልቅ አልመሰለውምና።

አንድ ቀን ከመኝታው ሊነሣ ሲል ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዙለትም፤ አንደበቱም ታሰረ። ልጆቹ ፈጥነው መጡ። ክፉዎች አልነበሩም። በየተራ ያነሡት፣ ያጥቡት፣ በማንኪያ ያጎርሱት ነበር። የተኛበት ክፍል ብርዳም ስለ ሆነባቸው ፀሐይ የሚገባባትን ቤት ለአባታችን እናስለቅቅ ብለው ተማከሩ፤ ሸማኔውንም ሌላ ቤት ፈልግ አሉት።

«አባታችሁ በሕይወት እስካለህ የሚያስነሣህ የለም ብለውኛል» አላቸው።

«ማን ሰማ?» አለ ታላቁ ልጅ።

«ሚስቴ።»

«ሚስትህማ ምን ትበል!»

ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ደረሰ። ሽማግሌዎቹም ሸማኔውን፣ «ጽሑፍ አለህን?» አሉት። «የለኝም» አለ። «ሌላ እማኝስ?» ቢሉት፣ «እማኜ ያው አልጋ ላይ ተኝተዋል» ብሎ መለሰ።

ተያይዘው ወደ በሽተኛው ገቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድማችን፣ ለዚህ ሰው በቤቱ ነገር የሰጠኸው ቃል አለን?» ብሎ ጠየቀው።

የባለጸጋው ዓይኖች አበሩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞም አልሆነለትም። በመጨረሻ ደኅና የቀረችለትን ግራ እጁን አነሣ፤ በመስኮቱም በኩል ያችን ትንሽ ቤት በጣቱ አመለከተ። የእርሱ ናት፣ አትንኩት ማለቱ ነበር።

ታላቁ ልጅ እንባው መጣ። «አያችሁልኝ? ወደዚያ ውሰዱኝ እያለ ነው እኮ! ፀሐይ ናፍቆት ነው፤ አባዬን!» አለ። ባለጸጋው አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ፤ ነገር ግን ከታመመ ጀምሮ ራሱ ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ማንም ልብ አላለውም።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ተጠራጥሮ ነበር፤ ሆኖም «በጣት ፍርድ አይቆምም» ብለው ሸማኔው ቤቱን እንዲለቅ ወሰኑ።

ሸማኔው እኩሌታው ያልተሠራውን ድር ጠቀለለ። ሊሰናበት ገብቶ የባለጸጋውን ጉልበት ሳመና፣ «ጌታዬ፣ ከተናገሩትና ከወለዱት የጠፋው ቃልዎ ሆነ» ብሎት ወጣ። ያ ጣት በእርሱ ላይ የተቀሰረ መስሎት ነበር። ባለጸጋውም ሰማ፤ የታሰረው አንደበቱ እንጂ ጆሮው አልነበረምና።

ልጆቹ ጉድጓዱን በአፈር ደፈኑት፤ ወለሉን አስተካክለው የአባታቸውን አልጋ በዚያው ላይ፣ በፀሐዩ ፊት ዘረጉለት። እንባው በጉንጩ ሲወርድ ባዩ ጊዜ፣ «ደስ ብሎት ነው» ይባባሉ ነበር። መወርወሪያው ዝም ባለበት ቤት፣ በዚያ ጉድጓድ ላይ ተኝቶ ሞተ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ገላነህ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለጸጋው አንተ ነህ፤ ሸማኔውም ማስተዋል ናት። ባለጸጋው አልዋሸም፤ ልጆቹ አባታቸውን ወደዱ፤ ሽማግሌዎቹም ጉቦ አልበሉም። ከመካከላቸው ማንም ክፉ ሳይሆን ክፉ ነገር ተሠራ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በዚያ ሳቅ ፈንታ ሁለት እማኝ ጠርቶ አስጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የሰጠው ቃል አንደበቱ ከታሰረ በኋላ ይናገርለት ነበር።

«አንተ ውል መጻፍን አለመተማመን አደረግኸው። አይደለም። ስትፈርም የምትጠረጥረው ማስተዋልን ሳይሆን የራስህን እስትንፋስ ነው። ቃል ኃላፊ ነው፤ ጽሕፈት ነባሪ ነው። እግዚአብሔር ሐሰት የለበትም፤ ሞት የለበትም፤ አንደበቱም አይታሰርም። ይሁን እንጂ ሕጉን በጽላት ቀርጾ ለሙሴ ሰጠው። ስለ ራሱ ፈርቶ ነውን? ስለሚረሱትና ከእነርሱ በኋላ ስለሚወለዱት እንጂ። ቃሉ የማይታበል አምላክ ከጻፈ፣ ነገ የማይታወቅልን እኛ ‹ቃሌ ይበቃል› ብንል ትሕትና አይደለም፤ ትዕቢት ነው።

«እንግዲህ ሂድ። ማስተዋል ቤቱን እስከ መቼ እንደምትይዘው፣ ብትነሣም አስቀድሞ እንደሚነገራት፣ የሰጠሃትን ተስፋ ሁሉ አስጽፍላት። ልጆችህንም አስከትላቸው፤ በጆሯቸው ይስሙ። ጣትህንም ዛሬ በቀለም ላይ አሳርፋት፤ ነገ ይህች ጣት በአየር ላይ ብትጠቁም የሚያነብባት አይገኝምና።»