ዶሮዋ ወንዝ የወረደችበት ቀን

ተረት ላውጋችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በአንድ የወንዝ ዳር አገር ሥራ ወዳድ አህያ ነበረች። አንድ ቀን እግሯ ተሰበረና ተኛች። "ያልሠራሁበትን እንዴት እበላለሁ?" እያለች ጎረቤቶቿ እንስሳት የሰጧትን ሁሉ መለሰች። ከሳች፤ አጥንቷ ወጣ።

እንስሳቱ ይህን አይተው መከሩ። "እያንዳንዳችን ተንሳፋፊ ግንድ ላይ ተቀምጠን ወንዙን እንውረድ፤ ሊያየን የመጣ ሁሉ ለአህያ አንድ አንድ እፍኝ ገብስ ያምጣ፤ ለእሷ ብለን የደከምንበትን እንቢ አትልም" ተባባሉ።

ቀኑ ሲደርስ ጉማሬ እየዋኘ ከፊት መራ። ጦጣም ግንዷ ላይ እየጨፈረች ተመልካቹን አሳቀች። ከሁሉ ኋላ፣ ውሃ አጥብቃ የምትፈራው ዶሮ ትልቅ ቅል ላይ ተቀምጣ እየተንቀጠቀጠች መጣች።

አህያ ከዳር ተኝታ ስታያት ደነገጠች። "እህቴ፣ ለእኔ ብለሽ ነው? ብትሰምጪስ?" አለቻት።

"መፍራቱንስ ፈርቻለሁ" አለች ዶሮ። "ግን ያ በረዶ የወረደ ዕለት ጫጩቶቼን ከሆድሽ ሥር አስጠልለሽ፣ ጀርባሽ እስኪቆስል የቆምሽው አንቺ ነሽ።"

አህያ ያንን ቀን ጨርሶ ረስታው ነበር። ቅሉ በደህና እስኪያልፍ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሲመሽ ገብሱ ከፊቷ ተከመረ። አህያም የዶሮን ቃል አስታውሳ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገችና ጠግባ በላች።