በየደጁ የቆሙት ፈረሶች

አንዲት መጠየቅ የማይሰለቻት ሙሽራ ነበረች፤ ስሟ ሴልቪ ይባላል። በደቡብ ህንድ ወደሚገኝ አንድ መንደር ከተዳረች ገና ዓመት አልሞላትም። መንደሩ ከአንድ ትልቅ ኩሬ በታች ነው ያለው። ኩሬውን የያዘው የአፈር ግድብ ነው፤ እሱ ከተናደ ቤት የለ፣ ማሳ የለ፣ ሁሉም ነገር አበቃ።

በያመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የአያናር በዓል ይከበራል። አያናር የመንደር ጠባቂ አምላክ ነው፤ በፈረስ ሆኖ ዳር ድንበሩን ይዞራል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የሸክላ ፈረስ ያሠራና በከበሮ አጅቦ ግድቡ ላይ ያቆምለታል። አንድ ቅርጫት አፈርም አብሮ ይወስዳል፤ ፈረሱ እግር ሥር ደፍቶ ይረግጠዋል።

«አባባ፣ አፈሩ ለምንድን ነው?» ስትል ሴልቪ ሸክላ ሠሪውን አማቷን ካሩፓያን ጠየቀችው።

«ልማድ ነዋ፣ ልጄ!»

«እኮ ልማዱስ ለምን?»

«ወይ ጉድ! አንቺ እኮ አያናርን ራሱን ብታገኚው ዕረፍት አትሰጪውም» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እሱም አያውቀውም ነበር።

በዚያ ዓመት የመንደሩ ሀብታም ማሪሙቱ ከሁሉ የሚበልጥ ፈረስ አዘዘ። «ግድቡ ላይ ግን አይቆምም። ፈረሱ የኔ ከሆነ የኔን ደጅ ይጠብቅ» አለ። ይህን የሰማ ጎረቤቱ፣ እኔስ ከማን አንሼ ብሎ የራሱን ደጁ ላይ አቆመ። ሌላውም ተከተለ። የበዓሉ ዕለት ከበሮው እንደ ጉድ ተመታ፣ በየፈረሱ አንገት የአበባ ጉንጉን ገባ፤ ወደ ግድቡ ግን ዝር ያለ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ መጣ። ሴልቪን አንድ ነገር እረፍት ነሳት፤ አያናር ፈረስ ከሌለው በምን ሊዞር ነው? አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ልታይ ወጣች።

ግድቡ ላይ የቀሩት የአምናዎቹ ፈረሶች ብቻ ናቸው። እግራቸው ሥር የነበረውን አፈር ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፤ በቦታው አዲስ አልተተካም። በዚያው በኩል ደፍራሽ ውሃ ሾልኮ ይወርዳል። የቅርጫቱ አፈር ግድቡን በያመቱ ይጠግን እንደነበር ያኔ ገባት።

«ኧረ ግድቡ! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች ቁልቁል በረረች።

መንደሩ ቅርጫቱን ይዞ ወጣ። የደፉትን አፈር ግን ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል።

«የሚይዘው ከባድ ነገር ያስፈልጋል!» አለ ካሩፓያ።

ማሪሙቱ ውሃውን አየ፣ ከታች ያለውን ቤቱን አየ። ወርዶ ያንን የሚያምር ፈረስ ከሰዎች ጋር ተሸክሞ መጣና ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ሌሎቹም የየራሳቸውን አመጡ። አፈሩ በላዩ ተደፋ፣ ተረገጠ። ሲመሻሽ ውሃው ቆመ።

«ለመሆኑ አንቺ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አላት ማሪሙቱ፣ እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ።

«አያናር ያለ ፈረስ እንዴት እንደሚዞር ላይ ነበር የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አየሽው?»

ሴልቪ አሁንም ቅርጫት የሚቀባበለውን ጭቃ የለበሰ ሕዝብ ዞር ብላ አየችው። «መሰለኝ» አለች።

ወዳጆቼ፣ የጋራውን ግድብ ትቶ የራሱን ደጅ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ደጁንም አያተርፍም። ለምን ብሎ የሚጠይቅን ሰውም ቶሎ ዝም አናሰኘው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የእናንተ ፈረስ የቆመው የት ነው?