የፊታውራሪ ዘለለው የጨው ውሃ
አንዲት ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ ጨው ነጋዴ ነበረች። አንድ ቀን አሞሌዋን በአህዮች ጭና ኬላ ስትደርስ፣ የኬላው ሹም ፊታውራሪ ዘለለው ጭነቷን አይተው ጎመጁ። ሰው በተሰበሰበበት መቀማቱ ግን አሳፈራቸውና ዘዴ ፈጠሩ። ራሳቸው በዋንጫ ውሃ ጨው አሟሙተው፣

«እዚህ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ምን ያህል ነው? ቀምሰሽ ልኩን ከነገርሽኝ እለፊ፤ ከሳትሽ ጭነትሽ እዚሁ ይቀራል» አሏት።

ነገሩ ገባት። ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምንም ብትል «አይደለም» ማለታቸው አይቀርም። ዋንጫውን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነሳችና መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ጌታዬ፣ ባገራችን መጠጥ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። ኋላ ‹ፊታውራሪ መርዝ አጠጧት› ብለው እንዳያሙዎት።»

ሰው ሁሉ ዐይኑን ጣለባቸው። ፊታውራሪ ቢጨንቃቸው ተጎነጩለት። ወዲያው ፊታቸው እንደ አሮጌ ቁርበት ተጨማደደ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልኩን አገኘሁት» አለች ሴትዮዋ፤ «የፊታውራሪን ፊት የሚያጨማድድ ያህል ነው። አይደለም ካሉ፣ እስቲ ደግመው ይቅመሱት።»

ፊታውራሪ አንድ እጃቸውን ካፋቸው ሳያነሱ፣ በሌላው መንገዱን አሳዩአት።