ሰርቨሩ ሥራ አስኪያጅ

አንዳንዱ ነገር ላይ ልሳሳት እችላለሁ፤ ቦታው አንድ የእህል ንግድ ድርጅት ይመስለኛል።

አዲስ ሰርቨር፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር፣ በተተከለ ዕለት ባለሙያው ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ "የሰርቨር አንጎል፣ ፕሮሰሰር የምንለው፣ የሁሉንም ሥራ ተሸክሞ ቀንም ሌትም አያርፍም። የላፕቶፕ ግን የሚያገለግለው አንድ ሰውን ብቻ ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋም ይተኛል" ብሎ አስረዳ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ። "እንግዲህ የዚህ ቤት ሰርቨር እኔ ነኝ! እናንተ ሁላችሁም ላፕቶፕ ናችሁ!"

ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሳቋ አመለጣት።

"ምን ያስቅሻል አንቺ? ሰርቨር ካልሆንኩ አሁኑኑ በሁሉ ፊት አስረጂ! አለዚያ ትሪሽን አስቀምጪና ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!"

ሴትዮዋ ትሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። "ኧረ ጌታዬ፣ ሰርቨርነትዎን መች ካድኩ? ግራ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሻይ ይዤ ስገባ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ተደፍቶ የሚያንኮራፋው ላፕቶፕ የማን ነው?"

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው። ሴትዮዋ እዚያው ሻይ ታፈላለች፤ አቶ ሽመክት ግን ከምሳ በኋላ ቆመው ነው የሚሠሩት አሉ።