ቀድማ ተኮሰች የተባለችው መርከብ

ሆላንዶችና እንግሊዞች በቅርንፉድ ንግድ ይፎካከሩ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የሆላንድ ካፒቴን ቅርንፉድ የጫነች የእንግሊዝ መርከብ ባሕር ላይ ከቦ ማረከ። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን ሰላም ስለነበረ፣ መርከቧን ሊወርሳት የሚችለው ቀድማ የተኮሰችው እሷ ከሆነች ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ አልተኮሰችም።

ካፒቴኑ ባለ ላባ ባርኔጣውን አስተካክሎ የእንግሊዞቹን ምግብ አብሳይ አስጠራ። ድሃ ስለሆነ ይፈራኛል ብሎ ነው።

«ስማ አንተ! ነገ ወደብ ስንደርስ ዳኛው ፊት ቆመህ ‹በመድፍ ቀድመን የተኮስን እኛ ነን› ብለህ ትመሰክራለህ። እምቢ ካልክ ለዓሣ ነው የምሰጥህ!»

«ኧረ እመሰክራለሁ ጌታዬ» አለ አብሳዩ እጅ እየነሳ። «ግን ዳኛው መድፎቹን ልይ ቢሉስ?»

«ቢያዩስ ምን እንዳይሆን ነው?»

«የባሕር እርጥበት ሽንኩርት ያበሰብሳል። መርከባችን ላይ ደረቅ ቦታ ያገኘሁት መድፍ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከአገራችን ስንነሳ ስድስቱንም በሽንኩርት ሞልቼ ከድኛቸዋለሁ።»

ካፒቴኑ ሄዶ የአንዱን መድፍ ክዳን ቢከፍት፣ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ እግሩ ላይ ወረደ። መርከበኞቹ ሁሉ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እሱ ግን ፊቱ ቀልቶ «ምን ቸገረኝ! ተኩሳችኋል ካልኩ ተኩሳችኋል!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ ጌታዬ፣ ተኩሰናል» አለ አብሳዩ። «እንግዲያው ዳኛው ፊት ስንቀርብ፣ እርስዎም ወታደሮችዎም አደራ፣ ሳታቋርጡ አልቅሱ። ያለዚያ መመታታችሁን ማን ያምናል?»