ቅብጥብጡ ሹካና የማጠቢያው ቅርጫት

ተረት ልጀምር ነው። አፍ ዝጉ፣ ጆሮ ክፈቱ፣ እግራችሁን ሰብስቡ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ እንኳ አይደለም፤ ብረት አፍ አውጥቶ የሚያወራበት፣ ማሽንም ጓዳ የገባበት ድሮ ነው። መናኸሪያ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ነበረ። እዚያ ጓዳ ውስጥ አንድ ሹካ ነበር፤ መቀመጥ አያውቅም። መሳቢያ ውስጥ ሲያስተኙት ይገላበጣል። ሳህን ላይ ሲያሳርፉት ይንሸራተታል። ከወንድሞቹ ጋር ሲያሰልፉት ይሰለቸውና ሾልኮ ማንኪያዎቹ መሀል ይገባል። ቅብጥብጥ ብለው ስም አወጡለት።

ዕቃ የምታጥበው ትርንጎ ናት። እጇ በሳሙና ተላልጦ አላሠራ ሲላት ባለቤቱ አቶ ጉልላት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ሆደ ሰፊ ነው፤ ከታችም ከላይም እየተሽከረከሩ ውሃ የሚረጩ ክንዶች አሉት። ትርንጎ ማንኪያውንም፣ ሹካውንም፣ ቢላውንም ታቅፋ ታመጣና ማሽኑ ውስጥ ወዳለው ቅርጫት ትዘረግፈዋለች። ጀርባዋን ስታዞር ዕቃዎቹ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ማን የት ይቁም የሚለው የእነሱ ጉዳይ ነው።

ከማሽኑ ሥር አያ በረሮ ይኖራል። ኑሮው ፍርፋሪ ነው። ማሽኑ ሁሉን አጥርቶ ካጠበ አያ በረሮ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ዘዴ ፈለገ።

አንድ ቀን ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ወጣና ማንኪያዎቹን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እንዲህ ያለ ጨዋ ዘር፣ አንድ ፋብሪካ የተወለደ፣ አንድ መሳቢያ ያደገ ዘር፣ እንዴት ተበታትኖ ይታጠባል፤ የሰው አፍ አትፈሩም ወይ አላቸው። ማንኪያዎቹ እውነት ነው አሉ። አንዷ በሌላዋ ላይ ተለጠፈች፤ ሆድ ለጀርባ ተቃቅፈው ቆሙ። ውሃው መጣ፣ ዞረ፣ መግቢያ አጣ። ሲወጡ ሽሮው ሆዳቸው ላይ ደርቋል። ጠርተው የወጡት ቅብጥብጥ መሀላቸው ገብቶ የለያያቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያንን ማንም ልብ አላለውም። አያ በረሮ ግን ትርንጎ እስክትመለስ ጠግቦ በላ።

ሌላ ቀን ወደ ቢላዎቹ ሄደ። ወንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አይቆምም፣ ስለታችሁን ከማን ትደብቃላችሁ አላቸው። ቢላዎቹ ተኮፈሱ፤ ስለታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ። ትርንጎ አንድ የቀረ ሹካ ልትጨምር እጇን ብትሰድ መዳፏ ተተለተለ። በፎጣ ጠቅልላ ማሽኑን ሳታስነሣ ጥላው ሄደች። የዚያን ቀን አያ በረሮ ቅርጫቱን እንዳለ ወረሰው።

ሦስተኛው ባሰ። አባባ ጭልፋ የሚባሉ ወጥ ማውጫ ሽማግሌ አሉ፤ ሁልጊዜ የሚታጠቡት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተጋድመው ነው። አያ በረሮ መጣና አለቀሰ። ታላቅ ሰው ጥግ ተጥሎ ውርንጭላ ሁሉ መሀል ሲቆም አገር ምን ይላል፣ «ኖር» ማለት ቀረ ወይ አለ። ዕቃው ሁሉ አፈረ። ኖር፣ ኖር እያሉ መሀሉን ለቀቁላቸው። አባባ ጭልፋም በእግዜር፣ በእግዜር እያሉ ወረዱና ቅርጫቱ መሀል ቀጥ አሉ። ቁመታቸው ረጅም ነው። የላይኛው ክንድ መዞር ሲጀምር አንገታቸውን መታ፤ ቋ አለና ቆመ። ክንዱ ካልዞረ ውሃው አይዳረስም። ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ ማንኪያውም እንደገባ ወጣ።

አቶ ጉልላት አንድ ማንኪያ አነሣና ሽሮውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ማሽኑ አዲስ ነው፤ ያረጁት እነዚህ ናቸው» አለ። «አንዴ ድገሚያቸው። አሁንም እንዲህ ከወጡ፣ ነገ ቆራሌው ሲያልፍ በጆንያ ስጪው።»

«ጋሼ፣ ቆራሌው እኮ የሚወስዳቸው ለሚያቀልጥ ነው» አለች ትርንጎ።

«ታዲያ ምን ላድርጋቸው፣ ልዳራቸው?»

ጆንያ ሲባል ቅብጥብጥ ከጥርሱ እስከ እጀታው ቀዘቀዘ። እሱ መሳቢያ የጠበበው ልጅ ጆንያ ውስጥ፣ ከዚያ እሳት ውስጥ። ትርንጎ ቅርጫቱን መልሳ ሞልታ ሳሙና ልታመጣ ወጣች። ማንኪያዎቹ ያለቅሳሉ። ቢላዎቹ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ቅብጥብጥ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሮጠ፤ በመጨረሻ የማሽኑን ግድግዳ አንኳኳና ምን ብናደርግ ነው ጠርተን የምንወጣው ብሎ ጠየቀው።

«እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለ ማሽኑ። «እኔ ያለኝ ውሃ ነው። ተለጥፎ ለቆመ፣ መንገድ ለዘጋ፣ ምን ላድርግለት? ክፍተት ስጡኝ።»

ቅብጥብጥ ያኔ ገባው። እሱ መሀላቸው የተሰነቀረባቸው ማንኪያዎች ለምን እንደጠሩ ገባው። ጊዜ የለም። ቢላዎቹን ስለታችሁን ወደ ታች አላቸው፤ የትርንጎን ፎጣ አይተው ነበርና አፍረው ተገለበጡ። ማንኪያና ሹካ እጀታውን ወደ ታች፣ ራሱን ወደ ላይ፣ አንድ ማንኪያ አንድ ሹካ እየተደባለቀ ይቁም አለ። ማንኪያዎቹ አለቀሱ እንጂ አልተከራከሩም። የቀሩት አባባ ጭልፋ ናቸው። ሽማግሌን ከመሀል ማስነሣት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ቅብጥብጥ ዘሎ ፊታቸው ቆመ።

«አባባ፣ ከቦታዎ ባስነሣዎ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ባላስነሣዎ ግን ነገ ሁላችንም ጆንያ ውስጥ ነን።»

ጭልፋው ቀና ብለው ክንዱን፣ ዝቅ ብለው ማንኪያዎቹን አዩ።

«ልጄ» አሉ ኋላ፣ «ቆሜ ከምቀልጥ ተጋድሜ ብኖር ይሻለኛል።» ራሳቸው ወጥተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ በደረታቸው ተኙ።

ይሄኔ አያ በረሮ እየተንደረደረ መጣ። ዘመድ ከዘመድ ተለየ፣ ታላቅ ተዋረደ፣ ወግ ጠፋ እያለ ጮኸ። ማንኪያዎቹ ልባቸው ሸፈተ፤ ወደ እህቶቻቸው ዘንበል ዘንበል ማለት ጀመሩ።

«አያ በረሮ» አለ ቅብጥብጥ፣ «ስለ ዘመድ የምትመክረን አንተ፣ እስቲ ዘመድህን አሳየን። አንድ ቀን ከማን ጋር ስትበላ አየንህ?»

አያ በረሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ማንኪያዎቹ ሆዱን አዩት። በእነሱው ሽሮ ተነፍቷል። ተመልሰው ቀጥ አሉ።

ትርንጎ ተመልሳ ሳሙናውን ጨመረችና የማሽኑን በር ዘጋች። አሁን ለቅብጥብጥ ከሁሉም የከበደው መጣ፤ በሁለት ማንኪያዎች መሀል ሳይነቃነቅ መቆም። እሱ ከተንሸራተተ እነሱ ይገናኛሉ። ውሃው ፈላ፣ ገረፈው። እግሩን በላው፣ ወገቡን በላው፣ ሩጥ ሩጥ አለው። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ክንዶቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፤ ማንም አላገዳቸውም።

ጠዋት ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ ትርንጎ ጆንያውን ይዛ ማሽኑን ከፈተች። እንፋሎቱ ወጣ። አንድ ማንኪያ መዘዘች፤ የራሷ ፊት ተገልብጦ አያት። ሌላ መዘዘች፤ ያው ነው። ጆንያውን አጣጥፋ ወደ በሩ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ሂድ፤ ዛሬ የምንሰጥህ የለም» አለችው።

ምሳ ላይ ማንኪያዎቹ አንድ ገበታ ላይ ተገናኙ፤ የተለያዩት ለካ ለአንድ እጥበት ነበር። ቅብጥብጥ እንኳ አጠገባቸው ጋደም ብሎ ትንሽ አረፈ። አያ በረሮ ጎረቤት ቤት እንደገባ ይወራል።

እንግዲህ ልጆች፣ ዝም ብሎ ተቃቀፉ የሚላችሁን ሁሉ ዘመድ አትበሉት፤ ስትታጠቡ ተራራቁ፣ ስትበሉ ተቀራረቡ። ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለደረቀው ጉሮሮዬ ውሃ አቀብሉኝ።