ማር የተነከረው አውራ ጣት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ላሟስ ዛሬ ከበረቷ ትረፍ፤ እኛ የምንሄደው ወደ ንብ ቀፎ ነው። ቀረብ በሉ። ትንንሾቹን ወደ ፊት አሳልፏቸው።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ጉብታ ላይ፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ብቻውን ይኖር ነበር። ንብ ያነባል፣ ማር ይቆርጣል፣ ከሰው ጋር ግን አይውልም። ታናሽ ወንድሙን ይርዳውን፣ ውቤ የሚባል ሰው በገበያ መካከል ገድሎበት ነበርና፣ «የወንድሜን ደም ሳልመልስ ምላጭ ራሴን አይነካውም» ብሎ ምሏል። በዚያ አገር ደም የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይምል ነበር። ገዳዩ ውቤ ግን አገር ለቆ ጠፋ። ጓንጉልም ጠበቀው። ፀጉሩ አደገና ትከሻው ላይ ወረደ። ከዚያም ሽበት ገባበት። ልጆች ከሩቅ ሲያዩት ይሸሹት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከጉብታው ግርጌ ጎጆ ቀለሰችና ጥጥ እየፈተለች መኖር ጀመረች። ወሰኔ የሚባል፣ የወተት ጥርሱን ገና ያልነቀለ ልጅ ነበራት። ልጁም አንድ ማለዳ ሽቅብ ወጣና ከቀፎው ሥር ቆመ። ጓንጉልም በኩበት ጢስ ንቦቹን እያባረረ ሳለ ልጁን አየው።

ጓንጉልም፦ «ሂድ ከዚህ! ትነደፋለህ!» አለው።

ልጁ አልሸሸም። ጎፈሬውን ትክ ብሎ አየና፦ «አባባ፣ ፀጉርዎ ውስጥም ንቦች አሉ እንዴ?» አለው።

ጓንጉል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ስቆ አያውቅምና የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

ከዚያ ወዲያ ልጁ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ጓንጉል ሸንበቆ እየሰነጠቀ ቀፎ ይሠራል፣ ልጁ እበትና ጭቃ ያቀብለዋል። ጥያቄውም አያልቅም።

«አባባ፣ የንቡ አውራ ሚስት አለው?»

«ጠይቀው።»

«ቢነድፈኝስ?»

«እንግዲያው መልሱን አገኘህ ማለት ነው።»

ልጁ ትኩሳት ይዞት የቀረ ዕለት፣ ጓንጉል ሥራ አልያዝልህ አለው። ማር በቅል ይዞ ወደ የሻረግ ጎጆ ወረደ። ደጃፉ ላይ አኖረና ተመለሰ።

ከዚያም ማር በሚቆረጥበት በኅዳር ወር፣ የጓንጉል የአጎቱ ልጅ ደባልቄ ጦሩን ይዞ ከነወንድሞቹ ወደ ጉብታው ወጣ። የአገሩን ዳኛ፣ ሽማግሌውን ጭቃ ሹም ዘለቀንም አስከትሎ ነበር።

ደባልቄም፦ «አያ ጓንጉል፣ ምላጭ አስል! ደምህ ተገኘ!» አለ።

«ውቤ መጣ?»

«ውቤማ በንዳድ ሞቷል። ዕዳው ግን ለልጁ ወርዷል። ልጁስ የት ያለ ይመስልሃል? ያውልህ፣ ኩበት ይዞልህ ቆሟል!»

ጓንጉል ዞረ። ወሰኔ ኩበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ለእንግዶቹ ፈገግ ይላል። ጓንጉልም በልጁ ቅንድብ ላይ ውቤን አየ። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዴት እንዳላየው ደነቀው። 

«ሕፃን ነው» አለ።

ደባልቄም፦ «ነገ ጎረምሳ ይሆንና እኛን ይፈልጋል። ታላቅ አንተ ነህና ድርሻው ያንተ ነው። እምቢ ካልህ እኔ አለሁ። ጭቃ ሹሙን ያመጣሁትም ‹ደባልቄ አድፍጦ ገደለ› እንዳልባል ነው። በፀሐይ፣ በምስክር ፊት ይሁን!» አለ።

የሻረግም ጦሮቹን ከታች አይታ እየሮጠች ወጣች። እንዝርቷ እንኳ ከእጇ አልተለየም ነበር። ከጓንጉል እግር ሥር ተደፋች።

ጓንጉል ወደ ቀፎው ዞረ። ከዚያም፦ «ደግ ነው። አስቀድሜ ግን ማር ልቁረጥ። ጭቃ ሹሙ ከደጄ አፋቸው ደርቆ አይመለሱም» አለ።

ደባልቄም፦ «ቁረጥ እንጂ! ደስታም አይደል!» ብሎ ሳቀ።

ጓንጉልም ነጭ ማር በገበታ ይዞ መጣ። ጭቃ ሹሙ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን አልፏቸው ሄደና ከልጁ ፊት ተንበረከከ። አውራ ጣቱንም ማሩ ውስጥ ነክሮ ወደ ልጁ አፍ አቀረበ።

«ጥባ፣ ወሰኔ» አለው።

ልጁም ጠባ። ጠብቶም ፊቱን አጨማደደ።

«አባባ፣ ጣትዎ ጢስ ጢስ ይላል!»

«ግድ የለም። ጢሱንም ከማሩ ጋር ጥባው።»

የጭቃ ሹሙ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። በዚያ አገር፣ ያልወለዱትን ልጅ የራስ የሚያደርጉት እንዲህ ነበርና። ማር የተቀባ ጣት በምስክር ፊት የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከአብራክ ከወጣውም አይለይም።

ደባልቄም፦ «ምን አደረግህ? የወንድምህን ገዳይ ልጅ!» ብሎ ጮኸ።

ጓንጉልም ልጁን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። «የኔን ልጅ በል። የአጎትህን የልጅ ልጅ በል። እንግዲህ ውጋው። የምታፈሰው ግን የገዛ ዘርህን ደም ነው፤ የሚፈልግህም እኔ ነኝ። መጠበቅ እንደምችልበት ፀጉሬን አይተህ ዕወቅ።»

ደባልቄ ጦሩን ሰበቀ። ጓንጉል አልተነቃነቀም። የጦሩ ጫፍ ደረቱን ነክቶ ቆመ፤ ልጁም ከኋላ ሆኖ የጓንጉልን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

ያን ጊዜ ጭቃ ሹም ዘለቀ፦ «ደባልቄ! ለምስክርነት ጠራኸኝ፣ መጣሁ። ያየሁትም ልጅ ሲጠባ ነው፤ በተጠየቅሁበት ሁሉ ይህንኑ እመሰክራለሁ። ጦርህን መልስ! ማሩንም ወዲህ በሉት፣ እጄ ዛለ!» አሉ።

ከደባልቄ ወንድሞች አንደኛው ሳቁ አመለጠው። ደባልቄም ጦሩን መሬት ላይ ተከለና፣ የከበደ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቁጭ አለ።

በማግስቱ፣ ደሙ ደርቋልና፣ የሻረግ ምላጭ ስላ ወጣች። ጓንጉልም ፀሐይ ላይ ተቀመጠላት። ግማሽ ራሱ ሲላጭም፦ «የሻረግ፣ የማን ደጅ እንደሆነ ታውቂ ነበር?» አላት።

እጇ ቆመ።

«አውቅ ነበር። ብሸሽ ብሸሽ አገር አለቀብኝ። ደሙን ሊምር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው ብዬ መጣሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ልለምንዎ እነሣና፣ ፀጉርዎን ሳይ ፈርቼ እመለሳለሁ። ልጁ ግን ምንም አያውቅም። ሽቅብ የወጣው በገዛ እግሩ ነው።»

ጓንጉል መሬት ከወደቀው ሽበት ጥቂት አነሣ። ከዚያም፦ «ይርዳውም እንዲህ ነበር። ቀፎ ካየ አይመለስም» አለ። ራሱንም መልሶ አዘነበለላት። «በይ ቀጥይ፤ በግማሽ ራስ ልታስቂብኝ ነው?»

ተላጭቶም አለቀ። ወሰኔ ዞሮ ዞሮ አየውና፦ «አባዬ፣ ጭንቅላትህ እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ?» አለው።

ጓንጉልም ጎንበስ አለለት። ልጁም ማር በነካው እጁ ያንን ራቁት ራስ ዳሰሰው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። አውራ ጣት ሙሉ ማር ይበቃኛል፤ ጢስ ጢስ ቢልም አልቀየማችሁም።